ከሁላችንም ኋላ የሚሄዱት እትዬ ሸምሲያ

ጋሽ ተክሌ ስልክ አይወዱም። ለማንም ደውለው አያውቁም፤ ሲደወልላቸውም «አለሁ፣ አለሁ» ብለው ቶሎ ይዘጋሉ። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት ጦር ኃይሎች አካባቢ በምሠራበት ማተሚያ ቤት ውስጥ እያለሁ ስማቸው ስልኬ ላይ ሲመጣ ደነገጥኩ። ወደ ደጅ ወጣሁ። የማሽኑ ድምፅ እዚያም ድረስ ስለሚሰማ አንዱን ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ «አቤት ጋሼ» አልኩ።

«ሸምሲያ ሄደች» አሉኝ።

«ወዴት?» ብዬ ጠየቅኩ።

አሁን ሳስበው የሞኝ ጥያቄ ነው። እትዬ ሸምሲያን የሚያውቅ ሰው ግን አይፈርድብኝም። የእሳቸው ነገር ሁልጊዜ «ሄደች» ነበር። ወደ ሎሚ ሜዳ ሄደች፣ ወደ ቤተል ሄደች፣ አሁን እዚህ ነበረች ሄደች። ጋሽ ተክሌ «አይ ልጄ፣ እንደሱ አይደለም» አሉ። ያኔ ነው የገባኝ።

እትዬ ሸምሲያ የሰፈራችን ዩኒፎርም ሰፊ ነበሩ። ቤታቸው ኮልፌ፣ ከአጣና ተራ ዝቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ አጥሮች መካከል በምትጠማዘዝ ቀጭን መንገድ ዳር ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደጃቸው ላይ ይሰለፋል። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ መርፌ ቁልፍ በከንፈራቸው ይዘው፣ እያዞሩ ጀርባችንን ይለኩናል። ትንፋሹን ይዞ የሚገተር ልጅ ካጋጠማቸው «ተንፍስ፤ ዓመቱን ሙሉ ትንፋሽህን ይዘህ አትማርም» ይሉታል። የእኔን ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሰፉት እሳቸው ናቸው። እጅጌውን ሁልጊዜ ያስረዝሙታል። እናቴ ወርቅነሽ ስታማርር፣ ልጁ ነው የሚያድገው እንጂ ጨርቁ አያድግም ብለው ይመልሱላታል።

የተዘጋጀ ዩኒፎርም በየሱቁ ሲመጣ ሥራቸው እየቀዘቀዘ ሄደ። መጋረጃ መስፋት፣ ልብስ ማሳጠር ሆነ ኑሯቸው። ከድሮው ሥራቸው ግን አንድ ነገር አብሯቸው ቀረ፤ ሰውን ከጀርባው ያውቃሉ። ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ኮት ለብሼ ቆሜ ሳለሁ «የወርቅነሽ ልጅ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ስዞር እሳቸው ናቸው። ብዙ ዓመት አልተያየንም ነበር። ሰላምታ ከማለታቸው በፊት ቀኝ ትከሻዬን በመዳፋቸው ጫን አደረጉና «አሁንም ዝቅ ይላል» አሉኝ። ሰልፉ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ትከሻዬን አየው።

ከዚያ ሰፈራችን ለመንገድ ማስፋፊያ ተነሣ። በስንቱ ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ ብዙ አላወራበትም። አንዱ ጀሞ ደረሰው፣ አንዱ ቤተል፣ አንዱ ገላን፤ አንዳንዱም ልጆቹ ጋ ገባ። እትዬ ሸምሲያ አየር ጤና ከምትኖረው ከልጃቸው ከሐያት ጋር መኖር ጀመሩ። ሐያት ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ዳር የልጆች ልብስ ሱቅ አላት። እድራችን በስም አለ፤ ግን ድንኳኑ የት እንዳለ እንኳ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነበር። ከዚያ ገላን የሄደ አንድ ጎረቤታችን ሞተና አብዛኞቻችን የሰማነው ከተቀበረ በኋላ ሆነ።

ይህ እትዬ ሸምሲያን አሳመማቸው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ስልካቸው የያዘውን የጎረቤት ቁጥር ሁሉ እየደወሉ እሑድ ጠዋት አየር ጤና ነዳጅ ማደያው ፊት እንድንገናኝ ነገሩን። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። የተገኘነው ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ አብዛኞቹ በእሳቸው ዕድሜ ያሉ እናቶች ናቸው። እትዬ ሸምሲያ ረጅም ቀሚስ፣ ሻሽ፣ እግራቸው ላይ ደግሞ የልጅ ልጃቸው የተወውን ስኒከር አድርገው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው መጡ። ቤተል የገባችውን አንዲት ጎረቤታችንን ልንጠይቅ ነው አሉ፤ በእግር። አንዷ ታክሲ እንያዝ ስትል፣ ታክሲ ውስጥ ሰው እንደማይተያይ፣ ደግሞም የት እንደሄድን ሳናውቅ እንደምንደርስ ነገሯት።

እንዲህ ተጀመረ። በየእሑዱ ወደ አንድ ጎረቤት እንሄዳለን። የምንጠይቀው ጎረቤት ሲያልቅ ሰፈሮቹን ራሳቸውን ማየት ጀመርን። ሎሚ ሜዳን፣ የቤተልን ጀርባ፣ አዲስ የተከፈቱትን ትንንሽ ፓርኮች፣ ወንዝ ዳር የተነጠፉትን የእግረኛ መንገዶች። ስማችንን የሰሙ ሌሎችም ተጨመሩ። ወጣቶቹ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈቱልን። እትዬ ሸምሲያ ፓርክ ስንገባ ከመቀመጣቸው በፊት ጥበቃውን ወይም አጠገቡ ያለ አዛውንት ፈልገው፣ ቦታው ፓርክ ሳይሆን በፊት ምን እንደነበር ይጠይቃሉ። መልሱን ሳያገኙ አይቀመጡም። አንዳንዱ ገደል ነበር ይላቸዋል፣ አንዳንዱ የእገሌ ጓሮ። ከሰሙ በኋላ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀመጣሉ።

ሌላው ሕጋቸው ሰላምታ ነበር። ደጁ ላይ የተቀመጠን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ አይወዱም። አንድ ጊዜ ሎሚ ሜዳ ውስጥ አንዲት ሴት ደጇ ላይ ትልቅ ብርድ ልብስ አጥባ ብቻዋን ስትታገል አገኘናት። እትዬ ሸምሲያ ሰላም አሏት፣ ጤናዋን ጠየቋት፣ ከዚያ ጃንጥላቸውን ለአንዱ ሰጥተው የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዙ። ባንክ የሚሠራ አንድ ወጣት አብሮን ይሄድ ነበር፤ እርምጃውን የሚቆጥርለት ሰዓት እጁ ላይ አለ። ቆመን ስንቀር ሰዓቱን እያየ ሲቁነጠነጥ ሌላውን ጫፍ አስያዙትና «እስቲ ዛሬ እጅህም ይራመድ» አሉት። ጠምዝዞ ሲጨርስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ እሑድም አልቀረም።

ሲሄዱ ሁልጊዜ ከሁላችንም ኋላ ናቸው። እንግዳ የሆነ ሰው ስለሚደክማቸው ይመስለዋል፤ ያኔ እንደሱ አልነበረም። አንድ ጊዜ ለምን ከፊት ሆነው እንደማይመሩን ጠየቅኳቸው። ከፊት የሚሄድ ሰው የሚያስበው ስለ መድረስ ነው፤ እኔ ግን ማን እንደቀረ ማየት እፈልጋለሁ አሉኝ። መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ጃንጥላቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሁላችንም እንቆማለን። ጀርባችንን አንድ በአንድ በዓይናቸው ይለቅማሉ። «የቀረ ሰው ካለ አልደረስንም» የምትለዋ ንግግራቸው ከሁላችንም አፍ አትጠፋም ነበር።

ጋሽ ተክሌ ወደ እኛ የመጡበትን ታሪክ ሳልናገር ግን እትዬ ሸምሲያን ተናገርኩ ማለት አልችልም።

ጋሽ ተክሌ አናጢ ናቸው። በወጣትነታቸው ከቦንጋ መጥተው፣ ኮልፌ ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን እየሠሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ከእትዬ ሸምሲያ ጋር አጥር ለአጥር ጎረቤት ነበሩ፤ ግን አይነጋገሩም። እኔ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ አይነጋገሩም። ምክንያቱ የአጥር ወሰን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዝርዝሩን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ለኢድ ከእትዬ ሸምሲያ ቤት ጣፋጩ ሙሸበክ ወደዚያ ይሄዳል፤ ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ከጋሽ ተክሌ ቤት ወደዚህ ይመጣል፤ የሚያመላልሱት ልጆች ናቸው። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዱ መሬት።

ሰፈሩ ሲነሣ ጋሽ ተክሌ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳቸው። እዚያ በገቡ በመጀመሪያው ክረምት ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ተክሌ ከፎቁ መውረድ ተዉ። ልጃቸው ምግብ ታደርስላቸዋለች፤ እሳቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ይህን ወሬ አንዷ ለእትዬ ሸምሲያ አወራቻቸው። ልንለያይ ስንል የሚቀጥለው እሑድ ጀሞ ነን አሉ።

ጀሞ ስንደርስ ወደ ላይ የሚወጡ መስሎን መንገድ ለቀቅንላቸው። እሳቸው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። እንዳልወጣ የምትከለክለኝ ጉልበቴ አይደለችም አሉኝ። ከወጡ ለቅሶ ደራሽ እንደሚሆኑ፣ ተክሌም ወንበር ስቦ እንደሚያስቀምጣቸው፣ ነገሩም እዚያው ክፍል ውስጥ እንደሚቀር ነገሩኝ። «መውረድ አለበት» አሉ። እኔን ላኩኝ።

ጋሽ ተክሌ ጋቢ ተከናንበው፣ ጢማቸው አድጎ በሩን ከፈቱልኝ። እትዬ ሸምሲያ ታች እንዳሉ፣ አብረውን እንዲሄዱ እንደፈለጉ ነገርኳቸው።  እግሬን ያመኛል በላት አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ወርጄ ስናገር እትዬ ሸምሲያ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡና ሳምንት እንመጣለን አሉ።

ሳምንትም መጣን። ከዚያም በኋላ ባለው። መልሱ ያው ነው፤ እግሬን ያመኛል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ማጉረምረም ጀመሩ፤ ከተማው ሰፊ ሆኖ ሳለ በየሳምንቱ አንድ ደረጃ ሥር መቆም ምን ይባላል አሉ። እትዬ ሸምሲያ የሰለቸው ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ ቅር እንደማይላቸው ተናገሩ፤ የሄደ ግን አልነበረም። አንድ እሑድ ካፊያ ጀመረ። እኔ እንደተለመደው ወደ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ተክሌ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን አጥልቀው በሩ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በመስኮቱ ሲያዩን ነበር።

«እየዘነበባት ነው እንዴ የተቀመጠችው?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው።

«ድሮም ግትር ናት» ብለው ኮታቸውን አነሡ።

ታች ሲደርሱ ሁለቱ ተያዩ።  ጃንጥላው ተዘግቶ እትዬ ሸምሲያ ጉልበት ላይ ነበር፤ ለምን እንዳልዘረጉት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አረጀህ ተክሌ» አሉ።

«አንቺስ?»

«እኔማ ድሮ ነው ያረጀሁት።»

ጋሽ ተክሌ እጃቸውን ዘርግተው አስነሷቸው። አስካለን አላህ ይማርልህ አሉ እትዬ ሸምሲያ፤ ሌላ ስለ ለቅሶ የተባለ ነገር የለም። ወዴት እንሂድ ብለው ሲጠይቋቸው ጋሽ ተክሌ «ወደ ቤት» አሉ። ሁላችንም የትኛውን ቤት እንደሆነ ገባን። መንገዱ ለእሳቸው ስለሚረዝም እትዬ ሸምሲያ ሕጋቸውን ጥሰው እስከ ጦር ኃይሎች በታክሲ እንድንሄድ ፈቀዱ።

ሰፈራችን የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ አስፋልት፣ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ ሣር የለበሰ ትንሽ መናፈሻ ሆኗል። ያምራል። የሚያምር መሆኑ ነገሩን ለጋሽ ተክሌ ይበልጥ ያከበደባቸው ይመስለኛል። ፈዘው ቆሙ። ከድሮው የተረፈው አንድ ጽድ ብቻ ነው፤ እሱን ሲያገኙ ወደ እሱ ሄደው ግንዱን ነካኩት። ከዚያ ጀርባቸውን ለጽዱ ሰጥተው ወደ ሣሩ ገቡና አንድ ቦታ ላይ ቆመው «አጥሩ እዚህ ጋ ነበር» አሉ።

እትዬ ሸምሲያ ከእግረኛው መንገድ ላይ ሆነው አልነበረም አሉ። እሳቸውም ሣሩ ላይ ወጡ። ከጋሽ ተክሌ አልፈው ቆሙና በጃንጥላቸው መሬቱን ወጉት። አጥሩ እዚህ ነበር፤ አንተ የቆምክበት የእኔ ማድቤት ነው አሏቸው። ጋሽ ተክሌ ከጽዱ እንደገና መለካት ጀመሩ። ሁለት አዛውንቶች፣ በዚያ ባዶ ሣር ላይ፣ ወዲህ ወዲያ እያሉ ስለሌለ አጥር ይከራከራሉ። የመናፈሻው ጥበቃ ፊሽካውን ነፋ። ሣሩ ላይ መቆም ክልክል ነው ብሎ ወደ እኛ መጣ።

«ልጄ፣ እኔ የቆምኩት መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው» አሉት ጋሽ ተክሌ።

ጥበቃው አያቸው። ፊሽካውን ከአፉ አወጣና ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ቆመ። ጨርሰን እስክንሄድ ድረስ አልዞረም።

የጠቡን ምንጭ የሰማነው ያኔ ነው። እትዬ ሸምሲያ ሐያትን ሊወልዱ ምጥ ሲይዛቸው ባለቤታቸው ለንግድ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደው ነበር። ምጡ ጠና። በዚያች ቀጭን መንገድ መኪና አይገባም፤ ተሸክሞ ለማውጣትም ጊዜ አልነበረም። ጋሽ ተክሌ መዶሻቸውን ይዘው መጥተው በሁለቱ ቤት መካከል የነበረውን የቆርቆሮ አጥር ነቅለው ጣሉት። የተጠራው ታክሲ ከወዲያ በኩል ሰፊ መንገድ በሚያዋስነው በእሳቸው ግቢ ገብቶ እስከ እትዬ ሸምሲያ በር ደረሰ። እናትም ልጅም ተረፉ። በኋላ አጥሩ እንደገና ሲተከል ግን እትዬ ሸምሲያ ግቢያቸው ጠበበባቸው። ባለቤታቸው ከመንገድ ተመለሱ፣ ቃል ተወራወሩ፣ ነገሩ ቀበሌ ደረሰ፤ ከዚያ ዝምታ ሆነ።

«ያን ቀን ያደረግክልኝን አንድም ቀን አልረሳሁም» አሉ እትዬ ሸምሲያ። «ሐያትን ባየሁ ቁጥር አስበዋለሁ። ግን መሬቴን ወስደሃል።»

«አልወሰድኩም» አሉ ጋሽ ተክሌ። ወደ ጽዱ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወስጄ ሊሆን ይችላል» አሉ። «አስካለም ትለኝ ነበር።»

 እትዬ ሸምሲያን ሳቅ ጀመራቸው። አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ መቆም ሲያቅታቸው እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ተክሌም እየተደገፉ ከጎናቸው ተቀመጡ። እኛ ራቅ ብለን ጠበቅናቸው። የሚያወሩት አልተሰማንም።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተክሌ በየእሑዱ መጡ። ልጃቸው በታክሲ አየር ጤና ታደርሳቸዋለች፤ እሳቸው ከእትዬ ሸምሲያ ጎን፣ ከሁላችንም ኋላ ይሄዳሉ። የእግራቸው ሕመም ግን እየባሰባቸው የሄደ መሰለን። በየጥቂቱ «ቆዩ፣ እግሬን» ይላሉ። እኛ እንቆማለን፤ እሳቸውና እትዬ ሸምሲያ የመንገድ ጠርዝ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንዶቻችን በልባችን መሰላቸታችን አልቀረም።

በዚያው ሰሞን በሐያት ሱቅ በኩል ሳልፍ ጠራችኝ። እናቷን ሐኪም ዘንድ ወስዳ ነበር፤ ልባቸው ደክሟል፣ ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል ተብሏል። «እኔን አትሰማኝም» አለችኝ። «ብርሃኑ፣ እባክህ አንተ ንገርልኝ።» ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እነግራቸዋለሁ አልኳት።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ኋላ ቀርቼ ነገርኳቸው። እትዬ ሸምሲያ የላከኝ ማን እንደሆነ ወዲያው አወቁ፤ አልተቆጡም። ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል ነው ያሉኝ እንጂ ቆሟል አላሉኝም ብለው ቀለዱ። እኔ ሳልስቅ ስቀር እሳቸውም መቀለዱን ተዉት። ስለ እናቴ አነሡብኝ። እናቴ ከመሞቷ በፊት ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ነበረች፤ እትዬ ሸምሲያ የስፌት ሥራቸውን ይዘው መጥተው ከጎኗ ይውሉ ነበር።

«ወርቅነሽ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ስለ መንገዱ ነበር» አሉኝ። «ማን አለፈ፣ እነማን ቤት ቀለም ቀቡ፣ ዛፉ አለ ወይ ትለኛለች። እኔ ስለ መንገድ እየጠየቅኩ መሞት አልፈልግም። ይህን ለሐያት ልነግራት አልችልም፤ ልጄ ናት። ለአንተ ነገርኩህ።»

 ለሐያትም እንቢ አሉኝ ብቻ ብዬ ነገርኳት።

አንድ እሑድ ቤተል አካባቢ ረጅም ደረጃ ያለበት ቦታ ደረስን። እትዬ ሸምሲያና ጋሽ ተክሌ ታች ቀሩ፤ ያው ጋሽ ተክሌ እግራቸውን አሟቸዋል። እትዬ ሸምሲያ ጃንጥላቸውን ደረጃውን ለወጣች አንዲት ሴት ሰጥተዋት ነበርና ፀሐዩ ከረረባቸው። ጋሽ ተክሌ ማንም የማያያቸው መስሏቸው ያን ደረጃ እየዘለሉ ወጡት፤ ጃንጥላውን ተቀብለው በዚያው ፍጥነት ወረዱ። እኔ ጥጉ ላይ ቆሜ ነበር። እግራቸው ምንም እንዳልሆነ ያኔ አወቅኩ። እትዬ ሸምሲያ ድሮም ከኋላ ስለሚሄዱ እርምጃቸው መዘግየቱን ከእኛ አንድም ሰው አላስተዋለም ነበር። ያስተዋሉት ጋሽ ተክሌ ናቸው፤ አስተውለውም ሕመሙን የራሳቸው አደረጉት። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «እግሬን» ሲሉ ከሁሉም በፊት የምቆመው እኔ ሆንኩ።

እትዬ ሸምሲያ የሞቱት ቤታቸው ውስጥ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሰግደው ጋደም አሉ፤ ሐያት ቁርስ ይዛ ስትገባ አልፈዋል። ጋሽ ተክሌ የደወሉልኝ ያን ጠዋት ነበር። ቀብሩ በዚያው ቀን ከሰዓት ሆነ። ኮልፌ መስጊድ ተሰግዶባቸው ወደ መቃብሩ በእግር ሄድን። አስከሬኑን የያዘው ጀናዛ ፈጥኖ ነው የሚሄደው፤ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበለ ወንዝ እንደሚገፋው ነገር ይነጉዳል። ጋሽ ተክሌ እጄን ይዘው ሊደርሱበት ታገሉ፤ ግን ሕዝቡ ቀደመን። የመቃብሩ በር ላይ ስንደርስ አፈር እየተመለሰ ነበር። አንድ የሰፈራችን ሰው አያቸውና «ጎረቤቷ ናቸው፣ አሳልፏቸው» አለ። መንገድ ተከፈተ። ጋሽ ተክሌ ጎንበስ ብለው አፈር ዘገኑ፣ ጣሉ፣ ተመልሰው ከጎኔ ቆሙ። ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሐያት አላናገረችንም። ልንሰናበት ስንል እኔን ወደ ጥግ ጠርታ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ «አድክማችሁ ገደላችኋት» አለችኝ።  እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ እሑዶች የእግር ጉዞው ቀረ። ቴሌግራሙ ላይ የሚጽፍም ጠፋ።

አንድ እሑድ ጠዋት የጋሽ ተክሌ ልጅ ደውላ አባቷ ብቻቸውን እንደወጡ ነገረችኝ። አየር ጤና ነዳጅ ማደያው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ማንም ስላልመጣ አልተገረሙም። ወደ ሐያት ሱቅ እንሂድ አሉኝ፤ ሄድን።

ሐያት ጋሽ ተክሌን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች። የዓመታት ወግ ነው፤ እሳቸው አጥሩን ባያፈርሱ እሷ እንደማትኖር ታውቃለች። ወንበር ሰጠቻቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ሌሎቹ አያውቁም ነበር። እኔ አውቅ ነበር» አሏት። «እንደደከማት አውቃለሁ። በየመንገዱ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ልትቆጪ ከሆነ እኔን ተቆጪ። ደክሟት ነበር፤ ግን ብቻዋን አልደከማትም።»

ሐያት የት የት ይቀመጡ እንደነበር ጠየቀቻቸው። ጋሽ ተክሌ ቦታዎቹን ነገሯት። ከዚያ በጣታቸው በመስታወቱ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የድንጋይ ጠርዝ አሳዩዋት። እዚያም፣ አሉ፤ አንቺ ካየሻት ወደ ቤት እንዳትመልሻት ፈርታ መሻገር አልፈለገችም።

ሐያት ማዶውን አየች። «ገብታ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ?» አለች።

 ሐያት ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ለቅሶው ላይ ስታለቅስ አላየኋትም ነበር። ቆመን ጠበቅናት። ስትረጋጋ፣ ቤት ብትቀመጥ ምን ያህል ትቆይልኝ ነበር እያለች በየቀኑ እንደምታሰላ፣ ከዚያ ደግሞ እናቷን አልጋ ላይ ተኝተው ልታስባቸው ስትሞክር እንደማይመጡላት ነገረችን። ለሁለታችን ውሃ ቀድታ ሰጠችን። ጠጥተን ወጣን።

በሚቀጥለው ሳምንት ለሰዎቹ ደወልኩ፤ ጉዞው እንደገና ተጀመረ። በሱቁ በኩል ስናልፍ ከበሩ አጠገብ አዲስ አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል።  አንድ ተሸካሚ ጭነቱን አስደግፎ ተቀምጦበት ከፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ይጠጣ ነበር። ጋሽ ተክሌ ወንበሩን ወዘወዙትና እግሩ እንደሚነቃነቅ ተናገሩ። ቀጥሎ በመጡ ጊዜ መዶሻና ምስማር በላስቲክ ይዘው ነበር፤ እኛን ደጅ አቁመው ሲያጠብቁት ቆዩ። እትዬ አስካለ ከሞቱ ወዲህ መሣሪያ ሲይዙ ያየኋቸው የዚያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ እዚያ አረፍ እንላለን። ሐያት ወጣ ብላ ዛሬ ወዴት እንደሆንን ትጠይቃለች፣ እንነግራታለን፣ ደህና ዋሉ ትለናለች። አብራን እንድትሄድ የጠየቃት ሰው የለም። አንድ እሑድ ግን ስንደርስ የሱቁ በር ተቆልፎ አገኘነው። ሐያት ደጁ ላይ ቆማ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ዛሬ ወዴት ናችሁ?» አለች።

ጋሽ ተክሌ አንቺ ምረጪ አሏት።  ሰፈሩ ከተነሣ ወዲህ በዚያ በኩል አልፋ እንደማታውቅ፣ ታክሲ ውስጥ ሆና እንኳ ፊቷን እንደምታዞር ነገረችን። ጋሽ ተክሌ ክንዳቸውን ሰጧት። መንገዱን ተሻገርንና ወደ ኮልፌ ሄድን።